ምን አያችሁ? ባሕር!

«የሦስት ዓመት ልጅ ባሕር ብታይ ምን ይጠቅማታል? ነገ አታስታውሰውም!»

የጠባችውን ጡትም አታስታውሰውም፤ ያደገችው ግን በእሱ ነው።

ይህን የመለስኩት ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ ክርክራቸውን ግን አልቀበልም። በነሐሴ ልጃችንን ይዘን ኬንያ፣ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ሄድን፤ አንድ ቦታ አረፍን፤ ሳንዞር፣ ሳንሸምት፣ ሳንጋፋ ተመለስን። ይኼው ነው ጥፋታችን። ከሰፈር እስከ መሥሪያ ቤት የሚያገኘኝ ሁሉ ጥያቄውን ስሎ ነው የሚመጣው። እኔም መልሴን ስዬ ጠብቄያለሁ። ትንሽ ልጅ ይዞ ለመሄድ ልቡ ተነሥቶ የሰው አፍ ላስቀረው ወላጅም ይድረሰው።

«ገንዘባችሁን ባሕር ላይ በተናችሁት!» አለችኝ የቢሮ ጓደኛዬ።

አዳራሽ ተከራይተን፣ የፊኛ ቅስት አሠርተን፣ ዲጄ ጠርተን ልደቷን ብናከብር ኖሮ እልል ትይልን ነበር። በዚህ ከተማ ስንት የልደት ድግስ ላይ ተቀምጠናል፤ ባለልደቱ ሕፃን በድምፅ ማጉያው ደንግጦ ሲያለቅስ፣ እናቱ እንባውን ጠርጋ ወደ ፎቶ አንሺው ስታዞረው አይተናል። ያ ገንዘብ ለእንግዳው ነው የሚወጣው። የእኛው ለልጅቱ ወጣ። ማን አተረፈ?

«ውጭ አገር ከተወጣ አይቀር ዱባይ አትሄዱም ነበር?»

በነሐሴ? ዱባይ በዚያ ወር ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ሕፃን ይዞ አሸዋ ላይ መዋል የማይታሰብ ነው፤ የሚቀረው የገበያ አዳራሽ ነው። ለገበያ አዳራሽ ቦሌ አለልን። ኬንያ ግን ኢትዮጵያዊን ቪዛ አትጠይቅም፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን በቀጥታ ለዲያኒ ቅርብ የሆነችው ሞምባሳ ያወርዳል። ልጅ ላለው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል የሰዓት ልዩነት አለመኖሩ ነው። እንቅልፏ አልተዛባም፤ እዚህ በምትተኛበት ሰዓት እዚያ ተኛች። እንዲያውም የስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ዓሣ አጥማጁ ውኃው በ3 ሰዓት ይሄዳል ካለን በቃ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ስድስት መደመር፣ ስድስት መቀነስ የለም። እዚያ ባሕር ዳር ቆሜ ሰዓት ስጠይቅ ባዕድ የሆንኩ አልመሰለኝም።

«በክረምት ባሕር ይኬዳል እንዴ?»

ክረምቱ የእኛ ነው፤ የእነሱ አይደለም። በዚያ ዳርቻ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነው። እኛ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ስንረግጥ እዚያ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ ሙቀቱን ደግሞ ያለዝበዋል። ትምህርት ቤትም የሚዘጋው ያኔ ነው። ከዚህ የተሻለ ወር አምጡልኝ።

አክስቴ ግን በወርም በገንዘብም አልተከራከሩኝም። «ላንጋኖ እያለልሽ፣ ልጄ!» አሉኝ፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል።

እትዬ፣ ላንጋኖን እንወደዋለን። እኔ ራሴ ዋና የለመድኩት በዚያ ቡናማ ውኃ ውስጥ ነው። ላንጋኖ ግን ሐይቅ ነው፤ ጠዋት የተዉት ዳር ማታም እዚያው ነው። ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን በዚያ ዳርቻ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ቁርስ ስንበላ ውኃው የዘንባባውን ሥር ሊነካ ደርሶ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ስንወጣ ሰፊ ነጭ አሸዋ ተገልጦ ባሕሩ ርቆ ሄዷል። ልጄ ቆማ አየችው። «ማን ወሰደው?» አለችኝ። ጨረቃ ናት አልኳት። ቀና ብላ ሰማዩን ፈለገች፤ ጨረቃ የለችም። «መቼ ትመልሰዋለች?» ማታ አልኳት። ማታም ተመልሶ አገኘችው።

ይህን ያየች ልጅ ምን ቀረባት? በሙላትና በጉድለት መካከል ከስድስት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ አለ፤ ሁሉም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ የቤተሰባችን የቀን ውሎ በዚያው ተመራ። ውኃው ሲጎድል ወጥተን በአሸዋው ላይ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ትንንሽ ዓሦች እናያለን፤ ሲሞላ ጥላ ሥር ገብተን እንተኛለን። ለውሏችን ሌላ ፕሮግራም አልነበረንም። ነገ ከዛሬ 50 ደቂቃ ዘግይቶ የሚመጣ ባሕር ያለው ሰው ማንቂያ ሰዓት አይሞላም።

«ሰው ምን ይሠራል ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ?» ትሉኛላችሁ። ልጅ ካላችሁ ይህን መጠየቅ አልነበረባችሁም። ሸርጣን ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ስትንቀሳቀስ ይገባል፤ ስትቆም ይወጣል። ረፋዱን በሙሉ ከአንድ ሸርጣን ጋር አሳለፈችው። ባልዲዋን ሞላች፤ ደፋች፤ እንደገና ሞላች። አባቷ ከጎኗ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ አብሯት ደፋ። ይህ ሰውዬ አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን የሚያገኛት ተኝታ ነው፤ ጠዋት ተኝታ ይወጣል፣ ማታ ተኝታ ይገባል። እዚያ ግን ከነቃችበት እስከምትተኛ አገኛት። ስለ ዕረፍት የምታወሩኝ ሰዎች፣ ዕረፍቱ ይህ ነበር!

«ሞምባሳ ደርሳችሁ ፎርት ጂሰስን ሳታዩ?»

ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ ፖርቱጋሎች ማነፅ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1593 ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆሞ ጠብቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የትም አይሄድም። ልጄ ሦስት ዓመት የምትሆነው ግን አንዴ ብቻ ነው። ምሽጉን ስታድግ ራሷ ታየዋለች፤ ያኔ መድፉንም ታሪኩንም ትረዳዋለች። ዛሬ በዚያ ሙቀት በድንጋይ ግንብ መካከል ተሸክሜያት ብዞር ምሽጉን ያየሁት እኔ፣ ያለቀሰችው እሷ ትሆን ነበር።

«ሳፋሪስ? የጻቮ ፓርክ ቅርብ አይደል?»

ለእናንተ ቅርብ ነው። መኪና ውስጥ ለታሰረች የሦስት ዓመት ልጅ ግን አንድ ሰዓትም ሩቅ ነው። ደግሞስ የዱር እንስሳ አጣን እንዴ? በዲያኒ ከባሕሩ ጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ የኛ ጉሬዛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ጥቁርና ነጭ ጦጣ ይኖራል። ትከሻው ላይ ነጭ ጸጉር ያዘነበለ፣ ቅጠል በል፣ ሰው የማይነካ እንስሳ ነው። አስፋልቱ ጫካውን ለሁለት ስለከፈለው መኪና ይገጨው ነበር፤ ስለዚህ ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ዛፍ የገመድ መሰላል ተዘርግቶለታል። መኪናው ከሥር ያልፋል፤ ጦጣው ከላይ ይሻገራል። ልጄ ከመንገዱ ዳር ቆማ እያጨበጨበች አሻገረቻቸው። ምግብ የሚነጥቁት ሌሎቹ፣ አመድማ ጸጉር ያላቸው ጦጣዎች ናቸው፤ እነሱን አለመመገብ ነው፤ አንዴ ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ ቀጥሎ የሚነጥቁት ከልጅ እጅ ሊሆን ይችላል።

የሰፈራችን አዛውንት ደግሞ ሌላ ነገር አነሡብኝ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ሠርተዋል። «እኛም እኮ ባሕር ነበረን» አሉኝ፤ ዝም አሉ። ለእሳቸው ተረብ አልመለስኩም። ነበረን። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ግን የዚህ አገር ልጅ የጨው ውኃ ለመንካት ድንበር መሻገር አለበት። በየቤታችን ባሕር የቁጭት ወሬ ሆኗል፤ በቴሌቪዥን ክርክር ነው፤ በካርታ ላይ የጎደለ ሰማያዊ መስመር ነው። ልጄ ባሕርን መጀመሪያ በክርክር እንድታውቀው አልፈለግሁም፤ በእግሯ ጣት እንድታውቀው ፈለግሁ። አባባ ይህን ስነግራቸው «ጨው ነው አላለችም?» አሉኝ። ብላለች፤ ምላሷን አውጥታ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። እዚህ ላይ አፌ አይፈጥንም፤ ነገሩ የሕይወት ነውና።

«ውኃ እኮ ልጅ ይወስዳል!» ያለችኝ እናቴ ናት። እማዬ፣ እውነትሽን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በውኃ ሰጥመው የሞቱት ሰዎች 300,000 ገደማ ናቸው፤ ወደ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፤ እጁን አያውለበልብም። ፀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጉዳዩም የደቂቃዎች ነው። ስለዚህ «እያየኋት ነው» የሚለው የወላጅ ቃል አይበቃም። ክንዴን ስዘረጋ መንካት ካልቻልኩ ርቄያለሁ ማለት ነው። እኔና ባለቤቴ ተረኛ እናወጣ ነበር፤ «አሁን አንተ ነህ» ስለው «እኔ ነኝ» ብሎ በቃሉ ይረከባል። ሁለት ወላጅ በአንድ ላይ ሲያይ ማንም አላየም፤ አንዱ ሌላውን ያምናልና። ተረኛው ስልክ አይዝም፤ አያነብም፤ ቢራ አይጠጣም። በአየር የሚነፋውን የክንድ ጎማና ቀለበትም አትመኑት፤ መጫወቻ እንጂ ማዳኛ አይደለም።

ቦታውንም ስንመርጥ ዝም ብለን አልመረጥንም። በዲያኒ ከዳርቻው ራቅ ብሎ በረጅሙ የተዘረጋ የኮራል አለት አለ። የውቅያኖሱ ትልቅ ማዕበል እዚያ ላይ ተሰብሮ ይቀራል፤ ከአለቱ ወዲህ ያለው ውኃ ለስለስ ያለ ነው። ከሩቅ ነጭ አረፋ ይታያል፤ ይጮኻል፤ ወደ ልጄ እግር የሚደርሰው ግን የተረፈው ነው። ያም ሆኖ ውኃው ሲሞላና ሲወጣ ይስባል፤ ጉልበቷ ድረስ ካልሆነ አላስገባናትም። የጎማ ጫማም አድርገንላታል፤ በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ እሾኻም የባሕር ጃርት አለ፤ እሾኹ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። አለቱንም አልረገጥነውም፤ ኮራል ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በእግር ሲረገጥ ይሞታል።

«ጠቆረች እኮ ልጅቷ! መልኳን አበላሻችሁት!»

ስትወለድም ጥቁር ነበረች፤ መልኳ የሚበላሸው እንዲህ ስትሉ ስትሰማ ነው። እኔ የምፈራው መጥቆሯን ሳይሆን መቃጠሏን ነው። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ይቃጠላል። ከምድር ወገብ አጠገብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ለማንም ልጅ አይራራም። በዚያ ሰዓት በአብዛኛው ጥላ ውስጥ ነበረች፤ ስትወጣ እጅጌው ረጅም የዋና ልብስና ሰፊ ባርኔጣ ለብሳ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀብታ ነው፤ ቅባቱም በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ ስትወጣ ይደገማል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ያላችሁ ፀሐይ ላይ ጨርሶ አታውጡት። ቅቤ ቀብቶ ፀሐይ ማስሞቅ የለመድን ሰዎች ነን፤ ልማዱን ለባሕር ዳር አትውሰዱት።

«ወባስ?»

አለ። የለም ያላችሁ ሰው አታሏችኋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ወባን አያውቀውም። ከመሄዳችን በፊት ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ መከላከያ መድኃኒቱ የሚለካው በልጁ ክብደት ነውና በራሳችሁ አትስጡ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌ፣ ሌሊት አጎበር። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሳምንታትም ቢያልፉ፣ ልጁን ትኩሳት ከያዘው «ብርድ ነው፣ ምች ነው» እያላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን አስመርምሩ፤ ከየት እንደመጣችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምተው በመጨረሻ የቆረቆራቸውን ጠየቁኝ። «እሺ ምን በላች? እንጀራ የለ! ረቡዕና ዓርብስ እናንተ ምን ቀመሳችሁ?»

እትዬ፣ ጿሚ በዚያ አገር አይራብም። ጠዋት ጠዋት ምባዚ የሚባል የእርግብ አተር በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ይቀርባል፤ ሄል ከገባበት ማሃምሪ ከሚባል ጥብስ ሊጥ ጋር ይበላል። ልጅቷ ማሃምሪውን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትጨርሰው። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ለጋውን ኮኮናት በገጀራ ከፍቶ ውኃውን ያጠጣናል። እርስዎ የቋጠሩልን በሶና ቆሎም አልተረፈም፤ ፌስታሉ ብቻ ቦሌ ቀርቷል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ እስራት ይደርሳል። ዳይፐር ሳይቀር በጨርቅ ቦርሳ ነው የያዝነው። የምትሄዱ ሁሉ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ፌስታላችሁን አውጡ። ዳርቻው ንጹሕ ነበር፤ ልጄ አሸዋ ስትቆፍር ያገኘችው ዛጎል ነው።

«ታዲያ ምን አመጣችሁልን? ዛጎል እንኳ?»

ዛጎሉን እዚያው ተውነው። ባዶ ዛጎል ውስጥ ገብቶ የሚኖር ሸርጣን አለ፤ ሲያድግ ከጠበበው ወጥቶ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ልጄ አንዱ ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ አይታዋለች። ከዚያ በኋላ ቤቱን ለጎረቤት ስጦታ እናምጣ ብላት እሺ የምትለኝ ይመስላችኋል?

«ፎቶስ? ፌስቡክ ላይ አንድም አላየን!»

አላያችሁም፤ ተረኛ ነበርኩ።

ለጉዞ ወኪሎችም አንድ ነገር አለኝ። ለቤተሰብ ብላችሁ በምትሸጡት ጉዞ ውስጥ አራት ከተማ፣ ስድስት ሙዚየም፣ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት መነሣት አትደርድሩ። አንድ ማረፊያ፣ አጎበር ያለው አልጋ፣ ከአልጋው እስከ አሸዋው በእግር የሚደረስ መንገድና የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት የያዘ ወረቀት ስጡን። የከፈልንበትን ያህል አይደለም ብሎ የሚያማርር ወላጅ ካለ ወደ እኔ ላኩት።

እናንተም ዘመዶቼ፣ በሚቀጥለው ነሐሴ አቅማችን ከፈቀደ እንደገና እንሄዳለን፤ ወደዚያው ዳርቻ። ቀን ላይ ብትደውሉ አላነሣም። ልጅቷ ስትተኛ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ እኔው እደውላለሁ።